ስልክ ልግዛ ወይስ ካሜራ? ሐይቅ ላለችው እህቴ

ጥያቄሽ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ሐይቅ ከተማ ነው ያለሁት። በስልኬ ልደትና ምርቃት፣ አንዳንዴም ሰርግ አነሳለሁ። አሁን ሥራው እየመጣልኝ ነው። ያጠራቀምኩት ብር ወይ ባለ 200 ሜጋፒክሰል አዲስ ስልክ፣ ወይ አንድ ያገለገለ ካሜራ ይገዛል፤ ሁለቱንም አይችልም። የቱን ልግዛ? ሌላው ደግሞ፣ የአያቴን ፎቶ በስልኬ አንስቼ ደሴ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩት። ስልኩ ላይ ሲያምር የነበረው ታትሞ ሲመጣ ፊቷ ሰም መሰለ። ጥፋቱ የስልኩ ነው ወይስ ያተሙት ሰዎች?»

አብሽሪ፣ መልሱ ከባድ አይደለም። ካሜራውን ግዢ። አሁን የያዝሽውን ስልክ ግን እንዳትሸጪው፣ ያስፈልግሻል።

ይሄን ስል «ካሜራ ሁሌም ከስልክ ይበልጣል» የሚለውን የድሮ ወሬ ልደግምልሽ አይደለም። ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ሐይቁ ዳር ቆመሽ አንድ አይነት ፎቶ በጥሩ ስልክና በካሜራ አንስተሽ በቴሌግራም ብትልኪልኝ፣ የቱ በየቱ እንደተነሳ ለመለየት እኔም እቸገራለሁ። ዕድሜዬን ደሴ ውስጥ ፎቶ ሳነሳ ነው የኖርኩት፤ ግን እቸገራለሁ። ያንቺ ሥራ ታዲያ ጠዋት ሐይቅ ዳር አይደለም። ማታ ዳስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሜጋፒክሰሉ በፊት አንድ ነገር ራስሽን ጠይቂ፦ ብር የሚከፈልሽ ፎቶ የሚነሳው ብርሃን ባለበት ነው ወይስ በሌለበት?

በርበሬ ሲሰጣ አይተሻል መቼም። ፀሐይዋ ለሁሉም እኩል ናት። ሰፊ ሰሌን ያነጠፈች ሴት ግን ብዙውን ባንዴ ታደርቃለች። ሰፌድ ብቻ ያላት ደግሞ ጥቂት ጥቂት እያሰጣች፣ እየሰበሰበች፣ መልሳ ታሰጣለች። ሴንሰር የሚባለው ያ ሰሌን ነው፤ ከሌንሱ ጀርባ ተቀምጣ ብርሃኑን የምትቀበለው ቁራጭ ማለት ነው። ፉል ፍሬም በሚባሉት ካሜራዎች 36 በ24 ሚሊ ሜትር ናት። ለጀማሪና ለመካከለኛ በሚሆኑት የካኖን ካሜራዎች ደግሞ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ትልቅ ሴንሰር አላቸው ከሚባሉት ውድ ስልኮች ብዙዎቹ ላይ 10 በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የምታገኚው። ርካሾቹ ላይማ ከዚህም በብዙ ያንሳል። በስፋት ስታሰይው ያ ያገለገለ ካሜራ የውዱን ስልክ ከ4 እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ፉል ፍሬሙ ደግሞ ወደ 12 እጥፍ።

ስልክ ሠሪዎቹ ይሄን አሳምረው ያውቃሉ። ሰሌኑን እንዳያሰፉት ስልኩ ኪስ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ብልሃት ፈጠሩ። አንዴ ስትነኪው ስልኩ የሚያነሳው አንድ ፎቶ እንዳይመስልሽ። በተከታታይ ብዙ ያነሳና ደርቦ አንድ ያደርጋቸዋል። ጎግል በ2016 በመጀመሪያው ፒክስል ስልኩ ይሄን ዘዴ በደንብ አስተዋወቀው፣ በ2018 ደግሞ ናይት ሳይት የሚባለውን ለጨለማ የሚሆን ዘዴ ጨመረበት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሰፌዷን ደጋግሞ ማስጣት ማለት ነው። ድንቅ ሥራ ነው፣ እኔ በጣም አደንቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ የሚነሳው ሰው ዝም ብሎ እንዲቆምለት።

ሙሽራ ደግሞ ዝም ብላ አትቆምም።

አስቢው። ዳሱ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኗል። መሃል ምሰሶው ላይ አንድ አምፖል ተንጠልጥሏል። ከበሮው ጦፏል፣ ሚዜዎቹ ክብ ሠርተዋል፣ ሙሽራዋ እስክስታ ወርዳለች። ጨለማው ሲከብደው ስልኩ ብርሃን ፍለጋ ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/15 ሰከንድ ሊያወርደው ይችላል። ያን ትከሻ ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ግን ቢያንስ 1/200 ሰከንድ ያስፈልግሻል። ስለዚህ ከስልኩ የሚወጣው ፎቶ ላይ ፊቷ ይታይ ይሆናል፣ ትከሻዋ ግን ጭስ ሆኗል። ደራርቦ ሲያስተካክለው ደግሞ አንዳንዴ አንድ እጅ ይጠፋል፣ ወይ ጣቶቹ ስድስት ይሆናሉ። ያቺ ሴት በሕይወቷ አንዴ የምትወርደው እስክስታ ነው። እኔ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

አሁን ወደ ሌንስ ልምጣ፣ ዋናው ምክሬ እዚህ ጋ ስለሆነ። ካሜራው ብቻውን አያድንሽም። ያገለገለ ካሜራ ስትገዢ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው 18-55 የሚባለው ሌንስ ነው። እሱ ዙም ሲደረግ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይወርዳል፤ የኤፍ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቀዳዳው ይጠባል። ማታ ዳስ ውስጥ በዚህ ሌንስ ከሠራሽ «ከስልኬ ምን ተሻለ?» ብለሽ ታለቅሻለሽ፣ እውነትሽንም ነው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባለውን ትንሽ ሌንስ ፈልጊ። ዙም የለውም፣ ቀላል ነው፣ ከሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከ5.6ቱ ጋር ሲወዳደር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አሥር እጥፍ! ካኖን በ2015 ያወጣው ኤስቲኤም የሚለው ዓይነት ፎከሱም ጸጥ ያለ ነው።

«ስልኬም ላይ እኮ ኤፍ 1.8 ተብሎ ተጽፏል» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፣ ተጽፏል። ይሄ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ የሚነግርሽ የሌንሱ ርዝመት (50 ሚሊ ሜትር የምንለው ዓይነቱ) ለቀዳዳው ሲካፈል የሚወጣውን ነው። የ50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ቀዳዳ 50 ሲካፈል ለ1.8፣ ማለትም ወደ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የስልኩ ዋና ሌንስ ግን እውነተኛ ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የምስር ፍሬ አታሾልኪበትም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው።

ከፊት ያለውን ሰው አጥርቶ ከኋላ ያለውን የሚያደበዝዘውም ይሄው ቀዳዳ ነው። ስልኩ ይሄንን በተፈጥሮው በደንብ ስለማይችል ፖርትሬት ሞድ በሚባለው ይገምታል። አይፎን 7 ፕላስ በ2016 ይሄን ካመጣ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል። ግን የእኛን ሴቶች ፀጉር አልተማረም። ሹሩባ የተሠራችን ልጅ በፖርትሬት ሞድ አንሺና ፎቶውን አስፊው። ከጆሮዋ በላይ ያሉት ቀጫጭን ጉንጉኖች ጫፋቸው ተቆርጧል። የነጠላዋ ዘርፍ ከግድግዳው ጋር ሟሙቷል። ጉትቻዋ ግማሹ ጥርት፣ ግማሹ ድብዝዝ ብሏል። ስልክ ላይ አይታይም። አልበም ላይ ግን የሙሽራዋ እናት ጣቷን ታሳርፍበትና «እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው?» ትልሻለች።

ስለ ነጠላ ካነሳሁ አይቀር አንድ ልጨምር፣ ይሄ ለስልክም ለካሜራም ነው። ሁለቱም ፎቶውን መሃከለኛ ብርሃን ላይ ማምጣት ይፈልጋሉ። ነጭ ሐበሻ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ ሲሞላበት «ኧረ በዛ!» ብሎ ያጨልመዋል። ያኔ ልብሱ አመድማ፣ ፊቷ ጥቁር ይሆናል። ስልክ ላይ ፊቷን ንኪና ጣትሽን ሳታነሺ ቆይተሽ ቆልፊው፣ ከዛ የፀሐይ ምልክቷን ትንሽ ወደ ላይ ግፊ። ካሜራ ላይ ደግሞ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን የሚለውን ወደ +1 አካባቢ ውሰጂው። ሰማያዊው ሸራም ሌላ ጣጣ ነው። ቀን ላይ ፀሐይዋ በሸራው ስታልፍ የሰውን ፊት ሁሉ ሰማያዊ ትቀባዋለች። ስልኩ በራሱ ሊያስተካክል ይሞክራል፣ አንዱን ፎቶ ሰማያዊ ሌላውን ብርቱካናማ እያደረገ። ካሜራው ላይ ራው በሚባለው፣ ገና ባልተቀነባበረው ጥሬ ፋይል ካነሳሽ ማታ ቤት ገብተሽ አንዱን አስተካክለሽ ለመቶዎቹም በአንድ ጊዜ ታለብሺያቸዋለሽ።

ፍላሽም ያስፈልግሻል፣ ያገለገለም ቢሆን። ነጭ ኮርኒስ ያለበት ቤት ከሆነ ወደ ላይ አዙረሽ ተኩሺው፣ ብርሃኑ ለስልሶ ይወርዳል። ዳስ ውስጥ ግን ወደ ሸራው እንዳታዞሪው፣ ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚመለስልሽ። ነጭ ወረቀት በላስቲክ ፍላሹ ላይ እሰሪና በሱ አንጥሪው። መንዙማ ላይ ደግሞ ጨርሶ አታብሪው። እጣኑ ጨሶ፣ ድቤው ሲመታ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ባለበት ሰዓት በመብረቅ ማስደንገጥ ነውር ነው። ያኔ ነው 50 ሚሊ ሜትሩ የሚክስሽ። ቀዳዳውን ከፍተሽ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን ቁጥር) 3200 አድርገሽ፣ ጥግ ይዘሽ ቁጭ በይ። ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይበል። ያሸበረቀ ብርሃን ሌላ ቦታ ሞልቷል።

አሁን ለስልኩ ልሟገትለት። ላሊበላ ሄደሽ ቤተ ጊዮርጊስ ጋ ከላይ ቆመሽ ወደ ታች ስታዪ፣ ሰማዩ ያንጸባርቃል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ድንጋይ ጥላ ነው። በካሜራ በቀጥታ ካነሳሽው ወይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል ወይ ድንጋዩ ከሰል። ኮምፒውተር ላይ ካልሠራሽው አይስተካከልም። ስልኩ ግን ያን መደረቡን ተጠቅሞ እዛው በሰከንድ ውስጥ ሁለቱንም አጥርቶ ያሳይሻል። እዚህ ላይ ስልኩ አሸንፏል፣ ሐቅ ነው። ቪዲዮም እንደዚሁ። እየተራመድሽ ሙሽሮቹን ስትከተያቸው የስልኩ ቪዲዮ አይንቀጠቀጥም፣ ወዲያው ደግሞ ለቲክቶክ ይደርሳል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይም ግመሎቹ መሃል ትልቅ ካሜራ ስታወጪ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሻል። በስልክ ግን አስፈቅደሽ፣ ቀለል አድርገሽ ታነሻለሽ። በየትኛውም ቢሆን ማስፈቀዱ አይቅር።

በዚያው ላሊበላ ግን በገና ሌሊት ሌላ ነው ነገሩ። ቤዛ ኩሉ ሲዜም ካህናቱ ነጭ ለብሰው ቤተ ማርያም ዙሪያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ፣ ሕዝቡ ታች ነው። አንቺ ሰው መሃል ተጣብቀሽ አንድ እርምጃ መጠጋት አትችይም። ስልኩ 10 እጥፍ፣ 30 እጥፍ ዙም ይልሻል። ራቅ ያለው አብዛኛው ዙም ያለውን ቆርጦ ማስፋት ነው፣ ፊቶቹ የውሃ ቀለም ይመስላሉ። እንደ 55-250 ያለ ሌንስ የገጠመ ካሜራ የአንዱን አዛውንት ጢም ሳይቀር ያመጣልሻል። ይሄ ሌንስ ግን ሁለተኛ ዓመት ላይ የሚገዛ ነው፣ አሁን አትቸኩይ።

ወደ 200 ሜጋፒክሰሉ ልመለስ። በ2000 ጃፓን ውስጥ ሻርፕ ያወጣው ባለ ካሜራ ስልክ 110,000 ፒክሰል፣ ማለትም ነጥብ፣ ብቻ ነበረው፣ አንድ ሜጋፒክሰል እንኳ አይሞላም። ዛሬ 200 ሚሊዮን ሲባል ያስደነግጣል። ግን እነዚህ ስልኮች እንደተገዙ ስትጠቀሚባቸው አሥራ ስድስቱን ነጥብ አንድ እያደረጉ 12.5 ሜጋፒክሰል ነው የሚሰጡሽ። ነጥቦቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ተባብረው ነው ብርሃን የሚሰበስቡት። ጥፋት አይደለም፣ ትክክለኛ ሥራ ነው። ለቁጥሩ ብለሽ ግን ብርሽን እንዳታወጪ። 12 ሜጋፒክሰል፣ ማለትም 4000 በ3000 ነጥብ፣ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም እንኳ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ለአልበም ይተርፋል።

እንግዲያው የአያትሽ ፎቶ ለምን ተበላሸ? ያተሙትን ሰዎች አትውቀሻቸው። ሳትነግሪኝ ልገምት፦ ፎቶውን በቴሌግራም ነው የላክሽላቸው፣ እንደ ፎቶ እንጂ እንደ ፋይል አይደለም። እኔም ጋ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ ስትልኪ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል። ያንን 30 በ40 ሴንቲ ሜትር አድርገሽ ስታትሚው በኢንች 81 ነጥብ አካባቢ ብቻ ይደርሰዋል። ስልክ ስክሪን ላይ ጥርት ያለ ነው፣ ስክሪኑ ትንሽ ነዋ፣ ደግሞም በራሱ ያበራል። ወረቀት አያበራም። ከዛሬ ጀምሮ በቴሌግራም ስትልኪ «ፋይል» የሚለውን መርጠሽ ላኪ፣ ወይ በሜሞሪ ይዘሽ ሂጂ።

ይሄ ግማሹ ነው። ሰሙ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ስልክሽ ላይ ቢዩቲ የሚለው ክፍት ነበር። ብዙ ስልኮች ከሱቅ ሲወጡ ጀምሮ ክፍት ነው። መጨማደድን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል፣ ይጠርገዋል። ቢዩቲው ባይኖርም ክፍል ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ስልኩ አሸዋውን ሊያጠፋ ብሎ ቆዳውንም አብሮ ይለስነዋል። የአያትሽን ፊት አላየሁትም፣ ግን የወሎ እናት ናት። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር፣ ዓይኗ ጥግ ላይ ያለው፣ ምናልባትም አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት። ስልኩ ያን ሁሉ አለስልሶ አንድ ወጥ አደረገው። እኔ ይሄን ሳይ በእውነት እናደዳለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጆችሽ የሚያዩት ያንን ፎቶ ነው፣ አያታቸው ግን እዛ ውስጥ የለችም።

እሺ፣ ግዢው ላይ። እኛ አካባቢ ካኖን ስለሚበዛ ባትሪም ሌንስም ለመዋዋስ ይቀላል፤ እንደ 600ዲ እና 700ዲ ያሉት፣ 18 ሜጋፒክሰል ናቸው፣ ለመጀመሪያ ይበቃሉ። ኒኮን ዲ3500 ካገኘሽም ደስ ይለኛል፣ በ2018 የወጣ ነው፣ 24 ሜጋፒክሰል አለው፣ አንዴ ቻርጅ ተደርጎ በፋብሪካው መለኪያ 1,550 ፎቶ ያነሳል። ብርሽን ሁሉ ቦዲው (ያለ ሌንስ ካሜራው ብቻውን) ላይ አትጨርሺ። ርካሽ ቦዲና 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከውድ ቦዲና 18-55 ይበልጡብኛል።

ስትገዢ ባዶ እጅሽን አትሂጂ፣ የራስሽን ሜሞሪና ላፕቶፕ ያለው ሰው ይዘሽ ሂጂ። ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተመታ ጠይቂ። ለጀማሪ የሚሠሩት ብዙዎቹ ወደ 100,000 ይገመትላቸዋል፣ ከዚያም አልፈው የሚሠሩ አሉ። ኒኮን ከሆነ ቁጥሩ ፎቶው ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፣ ብዙ የካኖን ካሜራዎች ግን እንደዛ አያሳዩም፣ ስለዚህ አያያዙን ተመልከቺ። ቀዳዳውን ኤፍ 16 አድርገሽ ነጭ ግድግዳ አንሺና ላፕቶፕ ላይ ክፈቺው። ጥቋቁር ነጥብ ካየሽ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅምሻል። ሌንሱን ግን በስልክሽ መብራት አሳልፈሽ ተመልከቺ። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተይው፣ በነፃም ቢሰጡሽ።

ሜሞሪ ሁለት ያዢ። እኔ አንድ ጊዜ ሙሉ የመልስ ፕሮግራም በአንድ ሜሞሪ አንስቼ፣ ማታ ሳወጣው አልከፍት አለኝ። ከመንገድ በርካሽ የገዛሁት ነበር። የሙሽራዋ አባት ያን ዓመት አረፉ፣ ለቤተሰቡ የምሰጠው የሳቸው የመልስ ፎቶ አልነበረኝም። እስካሁን ያመኛል። ስለዚህ ከታመነ ቦታ ግዢ፣ ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው አንሺ፣ ማታም ሳትተኚ ገልብጪው።

ደሴ ለሥራ በክረምት ከመጣሽ ደግሞ ጉሙን አትርሺ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ውስጥ ቆይተሽ ሰው የሞላበት፣ ቡና የሚፈላበት ሞቃት ቤት ስትገቢ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ካሜራውን ከመግባትሽ በፊት ፌስታል ውስጥ ቋጥሪውና ሩብ ሰዓት ያህል ይላመድ፣ ከዚያ አውጪው።

ካሜራው እስኪገዛ ድረስ በያዝሽው ስልክ አያትሽን እንደገና አንሺያት። ቢዩቲውን አጥፊ። ከጓዳ አውጫትና በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ሳይነካት፣ ብርሃኑ በጎን እንዲመታት አድርገሽ ዱካ ላይ አስቀምጫት። አትጠጊያት፣ ስልክ ሲጠጋ አፍንጫ ያተልቃል፤ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብለሽ 2 እጥፍ የሚለውን ተጠቀሚ። ኦሪጅናሉን በሜሞሪ ይዘሽ ነይ፣ እኔ ጋ 30 በ40 አድርገን እናትመዋለን።